የ29 አቶሞች ጥበብ

ፌኖባርቢታል ነጭ፣ ክብ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ክኒን ነው። ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ ለሁለት የምትከፍለው ቀጭን መስመር አለችው። አዳማ ከተማ ውስጥ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ እየገፋች ትቆጥረዋለች፤ በትንሽ ከረጢት አድርጋ «ማታ ማታ አንድ» ብላ ትጽፍበታለች። ታማሚው ወይም እናቱ ተቀብለው በባጃጅ ወይም በጋሪ ወደ መናኸሪያ ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ ወለንጪቲ፣ ወደ ሞጆ፣ ወደ መቂ፣ ወደ ዴራ። ክኒኑን ግን ማንም አተኩሮ አያየውም። ርካሽ ነው፤ መልኩ ዓይን አይስብም፤ ከተሠራም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ የሰው ልጅ ከሠራቸው የረቀቁ ሥራዎች መካከል ከፊተኞቹ ተራ አስቀምጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው።

ሥራውን ለማድነቅ አስቀድሞ የሚሠራበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። አንጎላችን ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ይነጋገራሉ። አንዱ ሌላውን «ተነሣ» የሚልበት ኬሚካል አለ፤ ግሉታሜት ይባላል። «ረጋ በል» የሚልበትም አለ፤ ስሙ ጋባ ነው። ጤናማ አንጎል በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች መካከል ሚዛኑን ሲጠብቅ ውሎ ያድራል። የሚጥል በሽታ የሚነሣው ይህ ሚዛን ለጊዜው ተናግቶ በአንድ አካባቢ ያሉ ሕዋሳት ተባብረው፣ ያለ ፋታ፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ምልክት መተኮስ ሲጀምሩ ነው። እጅን የሚያዝዘው ክፍል ከተያዘ እጅ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ግርግሩ መላውን አንጎል ካዳረሰ ግን ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያበቃል። በስምጥ ሸለቆው ቆላ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ በምጥ መርዘም የታፈነ ሕፃን፣ በመኪና አደጋ የተመታ ጭንቅላት፣ እነዚህ ሁሉ ለዚህ የሚዳርግ ጠባሳ ሊተዉ ይችላሉ። ምክንያቱ ጭራሽ የማይገኝበት ጊዜም ብዙ ነው። አረፋው ግን በሽታውን አያስተላልፍም። ይህን ስደጋግም አይሰለቸኝም፤ ወድቆ የሚንፈራገጥን ሰው እጅ መያዝ ማንንም አያስይዝም።

አሁን የጋባ ትእዛዝ ወደሚፈጸምበት በር እንጠጋ። በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ጋባን የሚቀበል ፕሮቲን ተተክሏል። አምስት ቁራጮች ጎን ለጎን ቆመው የሠሩት ቀለበት ሲሆን መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለው። ጋባ መጥቶ ከውጭ በኩል ሲቀመጥበት ቀዳዳው ለሰከንድ ሺሕኛ ክፍልፋዮች ያህል ይከፈታል። በዚያች ቅጽበት ክሎራይድ፣ ማለትም ከገበታ ጨው ሁለት ክፍሎች አንዱ፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ክሎራይድ አሉታዊ ሙሌት ስላለው የሕዋሱን ውስጥ ይበልጥ አሉታዊ ያደርገዋል፤ ሕዋሱም ለመተኮስ ይከብደዋል።

ፌኖባርቢታል ጋባ በሚቀመጥበት ስፍራ አይቀመጥም። ወረድ ብሎ፣ በሕዋሱ የስብ ሽፋን ውስጥ በተቀበረው የፕሮቲኑ ክፍል፣ ቁራጮቹ በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ይሸጎጣል። ለሕክምና በሚሰጠው መጠን በሩን በራሱ አይከፍትም። አንጎሉ ራሱ ጋባ ልኮ በሩን እስኪከፍት ይጠብቃል። ሲከፈት ደግሞ ቶሎ እንዳይዘጋ ያቆየዋል። ሥራው ይኸው ነው።

በወንጂ የሸንኮራ ማሳ ላይ ውሃ ሲመራ ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ከአዋሽ የተሳበው ውሃ በዋናው ቦይ ይወርዳል፤ ተረኛው መዝጊያውን ያነሣና ለትልሙ ውሃ ይለቃል፣ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። ፌኖባርቢታል አዲስ ቦይ አይቆፍርም፤ ተረኛው ያላነሣውን መዝጊያም አያነሣም። የተነሣውን መዝጊያ ትንሽ ቆየት አድርጎ ይይዛል እንጂ። ማሳው የሚረካው በዚያች ጭማሪ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ጨዋነቱ ነው። አንጎልን በሙሉ ማደንዘዝ ያን ያህል ብልሃት አይጠይቅም፤ ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ይሰጥ የነበረው ብሮማይድ መንቀጥቀጡን ቢቀንስም ብዙ ታማሚዎችን አፍዝዞና ቆዳቸውን በሽፍታ አበላሽቶ ነበር። ፌኖባርቢታል ግን አንጎሉ «ረጋ በል» ባለበት ቦታና ሰዓት ትእዛዙን ያጠናክራል። አልቆም ያለ መንቀጥቀጥ ሲያጋጥም በጤና ተቋም የሚሰጠው ዳያዜፓምም የሚሠራው በዚሁ በር ላይ ነው፤ አሠራሩ ግን ይለያል። ዳያዜፓም በሩ ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል፤ ፌኖባርቢታል ደግሞ አንዴ የተከፈተው በር ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝማል። ልዩነቱ ጥቃቅን ይምሰል እንጂ ሞትና ሕይወት አለበት። ፌኖባርቢታል ከልክ ሲያልፍ ያን ጨዋነቱን ይተውና ጋባ ሳይኖርም በሩን ራሱ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ የመተንፈሻው ማዘዣም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከረጢቱ ሕፃን እጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከአረቄም ሆነ ከሌላ መጠጥ ጋር ከቶ አይገናኝ።

ሞለኪውሉን ፈትተን ብንቆጥረው 12 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅንና 3 ኦክስጅን እናገኛለን፤ በድምሩ 29 አቶም። መሠረቱ አራት ካርቦንና ሁለት ናይትሮጅን የተያያዙበት ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ነው። በአንደኛው ማዕዘን ላይ ሁለት ክንዶች በቅለዋል፤ አንዱ ሁለት ካርቦን ብቻ ያለው አጭር ጭራ ነው፣ ሌላው ስድስት ካርቦኖች የሠሩት ጠፍጣፋ የፌኒል ቀለበት። ከእሱ ቀድሞ ቬሮናል በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ታላቅ ወንድሙ ሁለቱም ክንዶቹ አጫጭር ጭራዎች ነበሩ፤ የታወቀውም በእንቅልፍ መድኃኒትነቱ ነው። ኬሚስቶች አንዱን ጭራ አንሥተው በቦታው የፌኒሉን ቀለበት ሲተክሉ፣ ሰውን ከሚያስተኛው ባነሰ መጠን መንቀጥቀጥን የሚከለክል ነገር ተገኘ። የቀረው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ የተለወጠው አንድ ክንድ ብቻ።

ይህን ጥቅሙን ያስተዋለው ግን ኬሚስት አልነበረም። የጀርመኑ ባየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1912 መድኃኒቱን ሉሚናል ብሎ ለእንቅልፍ ሸጠው። በዚያው ዓመት በፍራይቡርግ ከተማ አልፍሬድ ሀውፕትማን የተባለ ወጣት ሐኪም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች የተኙበትን ክፍል ያክም ነበር። እንደሚተረከው መኖሪያው ከክፍሉ በላይ ስለነበር ታማሚዎቹ በሌሊት ሲወድቁ እሱም ከእንቅልፉ ይነቃል። እነሱም እሱም እንዲተኙ ብሎ ሉሚናል ሰጣቸው። ሌሊቱ ጸጥ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይረካ ነበር፤ ሀውፕትማን ግን መውደቁ በቀንም እንደቀነሰ አየ፣ መዝግቦም አሳተመ። ኋላ አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ከፕሮፌሰርነቱ አባረሩት፣ በ1938 ዳኻው ማጎሪያ ከተቱት። ከተለቀቀ በኋላ ተሰድዶ አሜሪካ ገባና በ1948 ቦስተን ውስጥ አረፈ። ዛሬ በመቂ ወይም በአርሲ ነገሌ ያለች እናት ልጇ ሌሊቱን በሰላም ሲያድር የዚህን ሰው ስም አታውቅም፤ ለዚህ ነው እዚህ የማነሣው።

ከሀውፕትማን ግኝት 25 ዓመታት ያህል በኋላ ትሬሲ ፑትናም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሞለኪውሉን ቅርጽ ተመልክቶ ምሥጢሩ የፌኒሉ ቀለበት ይሆን ብሎ ጠረጠረ። ከሂዩስተን ሜሪት ጋር ሆኖ ፌኒል ያላቸውን ውሕዶች አንድ በአንድ በድመቶች ላይ ሞከረ። ከነዚህ አንዱ ፌኒቶይን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ተሠርቶ ጥቅም ሳያገኝ የተቀመጠ። በ1938 ውጤታቸውን አሳተሙ፤ ሳያስተኛ መንቀጥቀጥን የሚከለክል መድኃኒት ተገኘ።

የፌኒቶይን አሠራር ሌላ ነው። ሕዋስ የሚተኩሰው ሶዲየም የሚገባበት በር ሲከፈት ነው፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በሩ ለአፍታ ተቆልፎ ያርፋል። ፌኒቶይን የሚይዘው በዚህ የተቆለፈ ሁኔታ ላይ ያለውን በር ሲሆን፣ እረፍቱንም ያራዝመዋል። በእርጋታ የሚሠራ ሕዋስ በሁለት ተኩሶች መካከል በቂ ጊዜ ስላለው መድኃኒቱ ይለቀዋል፤ ምንም እንዳልተነካ ሥራውን ይቀጥላል። ያለ ፋታ የሚተኩሰው ሕዋስ ግን በሮቹ ተራ በተራ ይያዙበታል። ሕዋሱ ይበልጥ ባበደ መጠን መድኃኒቱ ይበልጥ አጥብቆ ይይዘዋል ማለት ነው። ካርባማዜፒን የተባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የጥበብ ውበት ብቻ ቢሆን መለኪያው፣ ዘውዱን ለፌኒቶይን እሰጥ ነበር።

ነገር ግን ጥሩ ሥራ በሚውልበት ቦታም ይመዘናል። ጉበታችን ፌኒቶይንን የሚያስወግድበት አቅም ቶሎ ይሞላል፤ ያ ሲሆን በመጠኑ ላይ ትንሽ መጨመር በደም ውስጥ ያለውን ክምችት ከተጠበቀው በላይ ያንረዋል። የመድኃኒት ክምችት የሚለካ ላቦራቶሪ በሌለበት ከተማ ይህ ከባድ ፈተና ነው። ፌኖባርቢታል እንዲህ አያስደነግጥም፤ ሲጨመር በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ሲቀነስም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ የጊዜ አያያዙ ነው። አዋቂ ሰው ከዋጠው ፌኖባርቢታል ግማሹ ከሰውነቱ ለመውጣት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ካርባማዜፒን ቀን ሳይሞላው ስለሚጎድል በቀን ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መወሰድ አለበት፤ ፌኖባርቢታል ግን ማታ አንዴ ይበቃዋል። ሰው አንድ ማታ ቢረሳው በደሙ ውስጥ ካለው የሚጎድለው አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። ገበያ ውሎ ደክሞት ለሚተኛ ገበሬ፣ ሌሊት ተረኛ ሆና ለምታድር የአበባ እርሻ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ይቅርታ ነው። ጾመኛም አይቸገርም፤ ሙስሊሙ በረመዳን ካፈጠረ በኋላ፣ ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም ከማታው ማዕድ በኋላ ይወስደዋል። ማታ መወሰዱ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ድብታም በእንቅልፍ ሰዓት ላይ ይጥለዋል። ደግሞም ሞለኪውሉ ደካማ አሲድ ሲሆን ጥንካሬው ከደማችን ባሕርይ ጋር የተቀራረበ ነው፤ ስለዚህ በደም ውስጥ ካለው ግማሹ ያህል ሙሌት የለውም፤ ሙሌት የሌለው ደግሞ የአንጎልን የስብ አጥር ያልፋል። ገብቶ ይቀመጣል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ይህ ዝግታ ግን ዋጋ ያስከፍላል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሞልቶ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ መሃል ነው። ልጁ በአምስተኛው ቀን ይወድቃል፤ «ይኸው አልሠራም» ተብሎ ከረጢቱ ይቀመጣል። ባለሙያ ሲሰጥ ይህን አስቀድሞ ቢናገር ስንቱ ሕክምና በዳነ ነበር! መጠኑም ከትንሽ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ነው የሚጨመረው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአዋቂ በቀን ከ60 ሚሊ ግራም ተጀምሮ እስከ 180 ሊደርስ እንደሚችል ይላል። የሚወስነው ግን ታማሚውን የሚያየው ባለሙያ ነው።

ጉድለቱን ሳልናገር ባሞግሰው ሥራውን አላከብረውም። ያደበዝዛል፣ ትኩረት ይቀንሳል፤ አንዳንድ ሕፃናትን ደግሞ በተቃራኒው ያቅበጠብጣል። አልፎ አልፎ አደገኛ የቆዳ ሽፍታ ያመጣል፤ ሽፍታ የታየበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ጉበትን ስለሚያነቃቃ ሌሎች መድኃኒቶች ቶሎ እንዲወገዱ ያደርጋል፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒንና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ሊከሽፉ ይችላሉ። ለመውለድ የደረሰች ሴት ይህን ሊነግራት የሚገባው ሰው ዝም ካለ በደል ነው። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለው መድኃኒት ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ለፅንሱ ከዚህ ይልቅ አስጊ መሆኑን ልትሰማ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ድንገት ማቆም ነው። አንጎል ለወራት በመድኃኒቱ እርዳታ ሚዛኑን ሲጠብቅ ከርሞ እርዳታው በአንድ ጊዜ ሲነሣበት ግርግሩ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ መንቀጥቀጡ ሳይቆም አንዱ በሌላው ላይ እየተከተለ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ መቆም ካለበት በሐኪም ምክር፣ በወራት ውስጥ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። እዚህ ላይ ስለ ጸበል አንድ ነገር ልበል። ጸበል መጠመቅና ክኒን መዋጥ አይጣሉም። ሰውን የሚጎዳው ለጸበል ተብሎ ክኒኑ የቀረ እንደሆነ ነው። ጫት ሲቅሙ ማደርም እንዲሁ የመድኃኒቱን ሥራ ያፈርሳል፤ እንቅልፍ ያጣ አንጎል ለመውደቅ ቅርብ ነው።

ይህ ጥበብ በአገራችን ለስንቱ ደረሰ? ከባቱ (ዝዋይ) በስተምዕራብ፣ በቡታጅራ አካባቢ፣ ከቀደምት የነርቭ ሐኪሞቻችን አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። ከ60,820 ነዋሪዎች 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከሺሕ አምስት ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ እውነተኛውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ 1.6 ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ዕፅዋት፣ ጸበልና ክታብ ሞክረዋል። በምድጃ እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩባቸው። እኚህ ሐኪም በስምጥ ሸለቆው ውሃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ በጥርስና በአጥንት ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት ያጠኑ ናቸው፤ የዚህን ሸለቆ ሰው ሕመም ከሥሩ የተከተሉ ሰው ሊመሰገኑ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። አዳማ ላይ ከጣልያን ወረራ በኋላ በሜኖናይት ሚሲዮናውያን ተጀምሮ ለረጅም ዘመን በአርበኛው በኃይለማርያም ማሞ ስም ሲጠራ የኖረው ሆስፒታል ዛሬ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሜዲካል ኮሌጅ ነው። በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች የሚጥል በሽታ ታማሚዎችን የሚከታተሉት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው፤ ሸክሙን በትከሻቸው የያዙት እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ለዚህ መድኃኒት የግድ ስፔሻሊስት እንደማያስፈልግ ቻይና አሳይታለች። በገጠር ጤና ሠራተኞች እጅ 2,455 ታማሚዎች ፌኖባርቢታል እንዲጀምሩ ተደርጎ፣ ዓመት ከጨረሱት መካከል ከመቶ 68ቱ መውደቃቸው ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ፤ ሲሶው ያህል ደግሞ ፈጽሞ አልወደቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 5 ዶላር ዝቅ ባለ ወጪ ሊቀርብ ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ በእጃችን እያለ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ በጓዳ መደበቁ ሊያመን ይገባል።

ሰው ሲወድቅ ካያችሁ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ አይጠቅመውም፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። በጥርሱ መካከል ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ። ከእሳትና ከስለት አርቁት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፣ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ አስተኙት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና አድርሱት። መድኃኒት የጀመረም ሰው መውደቁ እስኪቆም ድረስ ባጃጅ አይንዳ፤ ሶደሬም ሆነ ባቱ ሐይቅ ብቻውን አይዋኝ።

ደግሞ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ያለውን ከረጢት ከፍታችሁ ቁጠሩት። የቀረው ከሳምንት በታች ከሆነ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ነገ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።